ወገቤን ነው

በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ ድብ ባሕር አጠገብ በቅሎ ላይ እንዳለሁ ብልቴን ተጎዳሁ። ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል። እጄን ተሰብሬ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሳምንት ጎንደር ላለ ዘመድ ሁሉ አውርቼ፣ ፋሻውን አሳይቼ፣ «እግዜር ይማርህ» ተብዬ፣ ብርቱካን ተገዝቶልኝ ነበር። ጉዳቱ ቀላል እንደነበር አስቀድሜ ልናገር፤ ልቡ የተንጠለጠለ አንባቢ ካለ ያሳርፍ። ከባዱ ሌላ ነው፤ እመጣበታለሁ።

የሄድኩት ለአያቴ ተዝካር ነው። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ ጣሊያን ከገደሉ ላይ የቆረጠውን ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ደባርቅ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ድብ ባሕር ሲደርስ ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ነው ከመኪና የሚወርደው። የመኪና መንገድ ሳይኖር የምጽዋና የጎንደር ነጋዴ በቅሎውን እየነዳ የሚወጣው በዚሁ ገደል ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ሊማሊሞን ወጥቶ ነው። አጎቴ ብሩስን አያውቁትም፤ በቅሎ ግን ያውቃሉ። ከመኪና ስወርድ አንዲት ዳማ በቅሎ ጭነው ይጠብቁኝ ነበር።

«አያ፣ እኔ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል» አልኳቸው።

«የእህቴ ልጅ በእግሩ ገባ ልባል ነው? ውጣ!»

ወጣሁ። በቅሎ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጥኩት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ወደ መንደሩ በሚያስገባው ቁልቁለት ላይ ውሃ የላሰው ድንጋይ አለ። የበቅሎዋ የፊት እግር እዚያ ላይ ሸርተት ሲል እርካቡን ስቼ ወደ ፊት ሄድኩ። አልወደቅሁም፤ ብወድቅ ይሻለኝ ነበር። ኮርቻው ከፊት በኩል ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት አለው፤ ሰውነቴ ሁሉ በሁለት እግሬ መካከል እዚያ እንጨት ላይ አረፈ።

ይህን የሚያነብ ወንድ አሁን ፊቱን እንዳጨማደደ አውቃለሁ። ለሴቶች ልንገር፦ ሕመሙ የተመታው ቦታ ላይ ብቻ አይቀርም። ሆድ ውስጥ ገብቶ ያቅለሸልሻል፣ ላብ ያመጣል፣ ዓይን ያጨልማል። አጎቴ ልጓሙን ይዘው ከፊት ስለሚሄዱ አላዩኝም። ዞር ሳይሉ «ደህና ነህ?» አሉ። «ደህና ነኝ» አልኩ። የመጀመሪያው ውሸት ይኸ ነው።

ማታ ከቤቱ ጓሮ ሄጄ በሞባይል መብራት አየሁት። በግራ በኩል ቆዳው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ተልጦ ይደማል፤ ዙሪያው አብጧል። መሐረቤን አጥፌ ያዝኩበት። ደም የሚቆመው ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ አሥር ደቂቃ ሳያነሱ ጫን ብሎ በመያዝ ነው፤ እኔ ግን በየግማሽ ደቂቃው እያነሳሁ «ቆመ ወይ?» እያልኩ ሳየው ግማሽ ሰዓት አስደማሁት። ሽንቴ ቁስሉን ሲነካው አቃጠለኝ፤ መልኩ ግን እንደ ወትሮው ነበር፤ አወራረዱም እንደ ወትሮው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም እንጂ ትልቁ የምሥራች እሱ ነበር።

በማግስቱ ተዝካር ነው። ሁለት በሬ ተጥሏል። ከዳሱ ጀርባ ወንዶቹ ካራ ስለው ብልት ያወጣሉ። «ያንን ብልት አቀብለኝ»፣ «ይኸ ብልት ለካህናቱ ነው»፣ «ብልቱን አታበላሸው እንጂ አንተ!» ይባባላሉ። እኔ እግሬን ገለል ገለል አድርጌ ከግንድ ላይ ተቀምጫለሁ። የአማርኛን ቀልድ ያኔ አወቅሁት። ስለ በሬው ሲሆን በአደባባይ የሚጮኽ ቃል ስለ ራሴ ሲሆን ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ። ሌሎቹ ቃላትም አያገለግሉም፤ አንዱ ስድብ ነው፤ አንዱ የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ አንዱ ደግሞ «ወንድነቴ» ነው፤ ወንድነቴን ታመምኩ ብል የሚሰማኝ ሰው የሚረዳው ሌላ ነገር ነው። እንዲያውም እኔም የፈራሁት ያንኑ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ሳየው እስከ ፍሬው ድረስ እንደ ወይን ጠጅ ጠቁሯል። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ካገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ልጅ ገና አልወለድኩም።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሌሊት ወጣሁ። አጎቴ ቀድመውኝ ወጥተዋል። ባንድ እጃቸው የአጥሩን እንጨት ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እኔ ራቅ ብዬ ሸንቼ ጨረስኩ፤ እሳቸው እንደቆሙ ናቸው። ሱሪዬን አስተካክዬ ተመለስኩ፤ እሳቸው እንደቆሙ ናቸው። የሚሰማው ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ነው፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ከሣር ክዳን ላይ እንደሚንጠባጠብ ውሃ።

ዞር ሳይሉ «በቅሎዋ ናት፣ አይደል?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«ከትናንት ጀምሮ እንደ ታሰረ ፈረስ ነው የምትራመደው። አውቄሃለሁ። እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነበር።»

ከዚያ በጨለማው ውስጥ ነገሩኝ፤ ፊት ለፊት ብንተያይ የሚነግሩኝ አይመስለኝም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ይህንኑ ቤት ሲሠሩ ማገር ላይ ቆመው ሳለ ተንሸራተው አንዱ ወራጅ ላይ እግራቸውን ከፍተው ወደቁ። ሦስት ቀን ደም አዩ፤ ሽንት ሳይሆን ደሙ ብቻውን ጠብ ይል ነበር። በአራተኛው ቀን ቆመ። «ተወኝ ብዬ ለቅዱስ ሚካኤል ስለት አገባሁ» አሉ። ዓመት ያህል ምንም አልሆኑም። ከዚያ ሽንታቸው መቅጠን ጀመረ። «መጀመሪያ ክር ሆነ። አሁን እንደምትሰማው ነው። ሌሊት አምስት ጊዜ እነሳለሁ።» ለሚስታቸው? አልነገሩም። ለቄሱ? «ይኸ ኃጢአት ነው እንዴ ለቄስ የምነግረው?»

በነጋታው ያደረ ቅቤ በስኒ ይዘው መጡና «ይኸን ቀባ አድርግበት» አሉኝ። እምቢ ብል ቅር እንዳይላቸው ልቀበል ስል ጤና ኤክስቴንሽኗ ደረሰች። ለካ በጠዋቱ ሄደው ጠርተዋታል። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ሴቶች። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሴቶች እንዲሆኑ የተፈለገው ዋናው ሥራው የእናቶችና የሕጻናት ስለነበር ነው። ለዚያ መልካም ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ ግን ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ደብተር ይዛ ፊቴ ስትቆም ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሷ ግን አላፈረችም። ሽንቴ እንደ ልብ እንደሚወጣ፣ ደም እንዳለው፣ ቁስሉ አፈር ወይም ፋንድያ ነክቶት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቅቤውን አየችና «አባባ፣ ይኼን ለእንጀራ» ብላ ስኒውን ወሰደችባቸው። ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ለስለስ አድርጌ እንዳጥብ፣ አልኮልም ቅጠልም እንዳላደርግበት ነገረችኝ። እብጠት ላለበት ቀዝቃዛ ነገር እንደሚረዳ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ ገልጻ ከእንስራ ውሃ ጨርቅ አርሳ ሰጠችኝ፤ ሩብ ሰዓት ይዤ፣ አሳርፌ፣ እንደገና። በረዶ የሚያገኝ ሰው በጨርቅ ጠቅልሎ እንጂ በባዶው ቆዳ ላይ እንዳያደርግ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ድብ ባሕር ውስጥ ግን ይህ የሚያሳስብ ነገር አልነበረም። «የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ተወግተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ማስታወስ አልቻልኩም። ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ይወጋሉ፤ ወንድ ልጅ ግን ከልጅነቱ ክትባት በኋላ ስለ መንጋጋ ቆልፍ የሚጠይቀው የለም፤ ከአፈርና ከከብት ፋንድያ ጋር የሚውለው እሱ ሆኖ ሳለ። «ደባርቅ ሂድ» አለች። «ዛሬውኑ።»

አጎቴ «እሸኘዋለሁ» ብለው ጋቢያቸውን አነሱ።

ደባርቅ የገባንበትን ጤና ተቋም ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ካርድ ክፍሉ መስኮት ነው፤ መስኮቱ ፊት አግዳሚ አለ፤ አግዳሚው ላይ አሥራ አምስት ያህል ሰው ተደርድሯል። ከመስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ምንህን ነው የሚያምህ?» አለች፤ ድምፅዋ የገበያ ነው። አግዳሚው ሁሉ ዝም አለ፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

«ወገቤን ነው» አልኳት።

ወገቤን ታከምኩ። የመረመረኝ ሰው ጎንበስ ቀና አስባለኝ፤ እግሬን አነሳ፤ «ከባድ ነገር አንስተሃል?» አለኝ። «ከበቅሎ ወድቄ ነው» አልኩት፤ ይህች እንኳ ግማሽ እውነት ነበረባት። ዲክሎፌናክ መርፌ መቀመጫዬ ላይ ተወግቼ፣ የሚዋጥ ኪኒን ተጽፎልኝ፣ ፍራሽህን አጠንክረው ተብዬ ወጣሁ። ለመርፌው ሱሪዬን ዝቅ ሳደርግ እንኳ ከፊት በኩል ጥብቅ አድርጌ ይዤው ነበር።

አጎቴ በሩ ላይ ነበሩ። «ምን አለህ?»

«ወገብ ነው አለኝ።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «አንተ የተማርክ ነህ» አሉ በመጨረሻ። ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ መለሱኝ። ተራ የያዘውን ሰው ሁሉ አልፈው መስኮቱን በከዘራቸው አንኳኩና፣ እኔ መሬት መሬት እያየሁ፣ «ልጄ፣ ይኸ ልጅ ወገቡን አይደለም። ብልቱን ነው የተመታ። የሚገባው ሰው ይየው» አሉ። ለራሳቸው አሥራ አንድ ዓመት ያልወጣቸው ቃል ለኔ በአንድ ትንፋሽ ወጣቸው። አግዳሚው ላይ የነበሩ አንድ አዛውንት «እግዜር ይማርህ ልጄ» አሉኝ። ሌላው ወሬውን ቀጠለ።

ጤና መኮንኑ በዕድሜ ከኔ ያንሳል። ጤና መኮንን የሚባለው ሙያ በአገራችን የተወለደው ጎንደር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ሲከፈት። ይህን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ በር ዘግቶ፣ መጋረጃ ስቦ፣ ጓንት አጥልቆ ፊቴ ሲቆም ግን ታሪኩ ጠፋብኝ። ያን ሁሉ የፈራሁት ምርመራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እጁ እየሠራ አፉ ይጠይቃል።

«ስትመታ ቆሞ ነበር?»

«በቅሎ ላይ?» አልኩና ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። አጥንት ባይኖረውም ይሰበራል የሚባልበት ጊዜ እንዳለ አስረዳኝ። በውስጡ ደም የሚሞላቸው ሁለት ቱቦ መሳይ አካላት አሉ፤ በጠንካራ ሽፋን የተጠቀለሉ። ሲቆም ሽፋኑ ይወጠርና ይሳሳል፤ ያኔ በድንገት ቢታጠፍ ይቀደዳል። ሰውየው «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ብልቱ ወዲያው ይረግባል፤ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። እንዲህ የሆነ ሰው እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ከዘገየ ጠማማ ሆኖ ወይም ሥራውን አቁሞ ሊቀር ይችላል። ኋላ ሳነብ እንዳገኘሁት በምዕራብ ኢራን፣ ከርማንሻህ በምትባል ከተማ፣ የቆመውን በእጅ ቀጭ ማድረግ ጣትን ቋ እንደማድረግ የሚቆጠር ልማድ ነው፤ እዚያ ያለ አንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጽሑፍ የ172 ሰዎችን ስብራት መዝግቧል። የሰው ልጅ ምን ያላደረገው አለ!

የኔ የተመታው በመደበኛ ሁኔታው ስለሆነ ሽፋኑ ደህና ነው። ጥቁረቱ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው፤ ወደ ፍሬው የወረደውም ውሃ ወደ ቁልቁል ስለሚሄድ ያህል ነው። ፍሬዎቼን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ፍሬ በድንገት ከባድ ሕመም ይዞት ካበጠ ሰዓት እንደሚቆጠርበት፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሊሞት እንደሚችል ነገረኝ። እኔ ልቤ ከደባርቅ ጎንደር፣ ከድብ ባሕር ደባርቅ ያለውን መንገድ መደመር ጀመረ።

«ሌላው፣ ብልትህ ያለ ምክንያት ቆሞ ከአራት ሰዓት በላይ አልረግብ ካለህ፣ ባያምህም እንኳ፣ ና። ከእንዲህ ያለ ምት በኋላ ያጋጥማል። የሽንትህ መውጫ ላይስ ደም አይተሃል?»

«ከቁስሉ ነው እንጂ ከውስጥ አላየሁም።»

«ጥሩ። እግር ተከፍቶ ሲወደቅ የሽንት ቧንቧው በእንጨቱና በፊተኛው አጥንት መካከል ይጨፈለቃል። ጫፉ ላይ ደም ያየ፣ ሽንቱ የቀላ፣ ወይም መሽናት ያቃተው ሰው በዚያው ቀን መታየት አለበት። መጀመሪያ በራጅ ሳይታይ ቱቦ በግድ እንዲገባለት አንፈልግም፤ የተቀደደውን ሊያብስ ይችላል።»

ዝም አልኩ። «ሦስት ቀን ደም አይቶ፣ ከዚያ ተወኝ ያለ ሰውስ?»

«ሲድን ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው ቧንቧውን ያጠበዋል። ወር ቆይቶ፣ ዓመት ቆይቶ። ሽንት ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ፊኛንም ኩላሊትንም ይጎዳል። ለምን ጠየቅኸኝ?»

«ውጭ ቆመዋል» አልኩት።

አጎቴን አስገብቼ ስወጣ ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። ይሁዳን እንዲያ ያዩት ይመስለኛል። ካርዳቸው ላይ «ሪፈር ጎንደር» ተጽፎላቸው ወጡና እስከ ማታ አላናገሩኝም።

የኔ ሕክምና ለመናገርም አያስደስት። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ፤ ቁስሉ ታጥቦ ስስ ጎዝ፤ ወገብ ያለው ሰውዬ የጻፈልኝ ኪኒን ቀርቶ ፓራሲታሞል፤ አስፒሪን እንዳልጨምር፤ ጠበቅ ያለ ሙታንታ እንድለብስ፣ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ያብጣልና። እብጠቱና ሕመሙ ጨርሶ እስኪጠፋ፣ ቁስሉም እስኪገጥም ከሚስቴ ጋር እንዳልተኛ። «ሁለት ሦስት ሳምንት» አለኝ። ወይን ጠጁ ወደ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ሄደ። ሌሊት ሲቆም ቁስሉን እየጎተተ ያስነሳኝ ነበር። አንድ ሌሊት እያቃሰትኩ ተቀምጬ ሳለሁ ይህ ሕመም ደስ ሊለኝ እንደሚገባ ገባኝ፤ የፈራሁት ሁሉ ባይሆን ኖሮ ምን ሊያስነሳኝ? ሚስቴ ከእንቅልፏ ሆና «ወገብህ ነው?» አለችኝ። ለሷም ያልኳት ያንኑ ነበር። መብራቱን አበራሁና እውነቱን ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ለምን ሳምንት ሙሉ ዋሸኸኝ ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። ሁለቱም ተገቢ ነው።

በስምንተኛው ቀን የቁስሉ ዳር ቀላ፤ ሞቀ፤ ትንሽ መግልም ያዘ። ጎንደር ውስጥ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። መስኮት። አግዳሚ። ሰው።

«ምንህን ነው?»

«ብልቴን። ቁስል አለበት።»

ጻፈች። «ዕድሜ?» አለችኝ።

ለአምስት ቀን መድኃኒት ወሰድኩ፤ ዳነ። አሁን ያለው አንዲት ነጭ መስመር ናት፤ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው አያገኛትም።

አጎቴ ግን ሪፈሯን መሶብ ውስጥ አስቀምጠው አዝመራ ሰበብ፣ ዐቢይ ጾም ሰበብ ሲያደርጉ ከረሙ። ከፋሲካ በኋላ እናቴ ሄዳ ይዛቸው መጣች። ምን ብላ እንዳሳመነቻቸው ሁለቱም አይናገሩም። ሲመጡ ዳባት ላይ አውቶቡሱ ለሽንት ቆመ። ሰው ሁሉ ሸንቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ተሳፈረ፤ አጎቴ ከባሕር ዛፉ ሥር አልተመለሱም። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ። ከኋላ ያሉት «ሽማግሌው ተኝተዋል እንዴ?» እያሉ ሳቁ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በሽንት መውጫቸው በኩል ቀለም ተሰጥቷቸው ራጅ ተነሱ። ፊልሙን አሳዩኝ፤ ነጩ መስመር ሰፊ ሆኖ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ እንደ ስፌት ክር ይቀጥናል። ያቺ ክር ናት ለዓመታት ሌሊት ሌሊት የምታስነሳቸው። ጠባሳው በቀዶ ጥገና ወጣላቸው፤ ሦስት ሳምንት የሽንት ቱቦ ይዘው እኛ ቤት ሰነበቱ። ከረጢቱን በጋቢያቸው ሸፍነው በረንዳ ላይ እየተቀመጡ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ተዋወቁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ለጎረቤታችን ጋሽዬ ቱቦውን እያሳዩ ሲያስረዷቸው አገኘኋቸው።

ቱቦው በወጣ በሦስተኛው ቀን እስከ ደባርቅ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ዳባት ላይ ቆመ። ወንዱ ሁሉ ወደ ባሕር ዛፉ ሄደ፤ አጎቴም ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉ። እኔ ቀበቶዬን ፈትቼ ሳልጨርስ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተመልሰው በመስኮቱ ሾፌሩን ይጣሩ ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ? ንዳው እንጂ!»